በአጥር ፋንታ

ባለቤቴ ቢተው ከሰው ይልቅ ለንብ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ሐሜት አይደለም፤ ራሱም አይክድም። በሠርጋችን ዕለት ከበሮው ሲደለቅ "ቀስ በሉ እንጂ፣ ንቦቹ አልለመዱም" ብሎ ዘፋኞቹን ወደ ጓሮ ያዞረ ሰው ነው። እናቴ "ልጄን የዳርኳት ለቀፎ ነው" እያለች እስክትሞት ድረስ ስትስቅበት ኖራለች።

ቤታችን መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ቢተው ቤቱን ሲሠራ በምሥራቁ ግድግዳ ውስጥ ሦስት ቀፎ አብሮ መረገበት፤ አፋቸው ወደ ውጭ፣ ጀርባቸው ወደ እኛ። ጎናችንን ስናሳርፍ ግድግዳው ሲያጉረመርም ይሰማናል። "ንብ የጧት ፀሐይ ካልነካት ሥራ አትወድም" ስለሚል፣ ፊት ለፊታቸው መንገድ ቢኖርም ወደ ፀሐይ መውጫ ማየት ነበረባቸው። በግድግዳውና በመንገዱ መካከል ደግሞ አጥር ተከለ። አጥር ስል የእንጨት እንዳይመስላችሁ። ክትክታና ቀጋ ነው፣ በላዩ እንዶድ የተጠመጠመበት፣ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል ለምለም አጥር። ውስጡ ወፍ ሲንጫጫ ይውላል። እንዶዱን የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለልብስ አጠባ ይለቅመዋል።

የአጥሩ ዋና ሥራ ግን ሌላ ነበር። "ካሱ፣ ንብ መንገደኛ ናት" ይለኝ ነበር ቢተው። "ከቤቷ ስትወጣ ፊት ለፊቷ የሚያግዳት ነገር ካገኘች ሽቅብ ትወጣለች፤ ካጣች ሜዳ ለሜዳ ትነጉዳለች። አጥር ካለ እሷ ከላይ፣ እኛ ከታች። ምን ያጣላናል?" በዚያ አጥር ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሰውም አህያም አለፈ። አንድም ሰው ተነደፈ ሲባል አልሰማሁም።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቢተው ለሚሊሺያ ተመለመለ። ካሚዮኑ ገበያው ላይ ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ፣ እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ ግድግዳውን ያያል። "የመካከለኛውን ቀፎ አትንኪው" አለኝ። "የዳርና የዳሩን ሰው ጠርተሽ አስቆርጪ። የመካከለኛውን ስመጣ እኔ እቆርጠዋለሁ።" ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ግማሹ ለጎረቤት ሰላምታ፣ ግማሹ ስለ ንቦቹ ነው፤ እኔን "እንደምን አለሽልኝ" ያለኝ በአንድ መሥመር ነው። ያንን አንድ መሥመር ስንት ጊዜ ሰው ለምኜ እንዳስነበብኩት የማውቀው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም።

ልጅ አልሰጠንም ነበር። የቀረኝ ግድግዳውና ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ልብሶቹን አሪቲ ጎዝጉዤ አስቀመጥኳቸው፦ በርኖሱን፣ ባናውን፣ ጋቢውን፣ ካኪ ኮቱን፣ ተነፋነፍ ሱሪውን። አላጠብኳቸውም። ሰም ሰም፣ ጭስ ጭስ፣ ትንሽም ላብ ላብ ይላሉ። ሲብስብኝ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አንገቴን አስገብቼ አሸታለሁ፤ ሽታው እንዳያልቅ ደግሞ ቶሎ እዘጋዋለሁ። ጎረቤቴ ሩቂያ አንድ ቀን ደርሳብኝ "አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሳጥን ልትድሪው ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ፤ እሷ ስትወጣ ግን አለቀስኩ።

በነሐሴ 1973 የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። ለአብዮት በዓል ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አራጌ ነው፤ ልጅ ሳለ ማር አቆራረጥ ያስተማረው ቢተው ነው፣ እኔንም እትዬ እያለ ነው ያደገው። ስብሰባ ጠርቶ "በየአጥሩ ሥር ሰው ይጸዳዳል፤ ልጆቻችን በተቅማጥ እያለቁብን ነው፤ ጅብም እባብም ይደበቅበታል" አለ። "በየቤቱ ጉድጓድ ይቆፈር፣ አጥሩ ይመንጠር፣ መንገዱ ቀጥ ይበል።"

እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ልክ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሽታው አያሳልፍም። በዚያው ዓመት ከሰፈራችን ሁለት ሕፃናት ቀብረናል። ጉድጓዱን እኔም አስቆፈርኩ፤ እስከ ዛሬ አመስግኜ ነው የምቀመጥበት። ግን ተነሥቼ "ጉድጓድ ከተቆፈረ አጥሩ ምን አጠፋ?" ብዬ ጠየቅሁ። ከወደ ፊት የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ካድሬ "ይህ አጥር የአድሃሪ አስተሳሰብ ነው" አለኝ። ሰው ይሰደባል፤ አጥሬ አድሃሪ ሲባል ግን የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ በገጀራና በመጥረቢያ መጡ። ቢተው አሥራ አንድ ዓመት ያሳደገው፣ እኔም ከእሱ በኋላ አራት ዓመት የጠበቅሁት እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። ወፎቹ ማረፊያ አጥተው ሁለት ቀን ሲዞሩ ሰነበቱ። እኔም ሁለት ቀን ስራገም ሰነበትኩ። አንድ ነገር ግን አልክድም፦ አጥሩ ሲወድቅ ከደጄ ሆኜ መንገዱ እስከ መኪና መቆሚያው ድረስ ታየኝ። በሦስተኛው ቀን በርጩማዬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ከወረኢሉ በኩል የሚመጣው መኪና ሲቆም የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አያለሁ። እንደ ቢተው ረጅም ሰው ሲወርድ ከበርጩማዬ እነሣለሁ፤ ጠጋ ሲል ሌላ ሰው ይሆናል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መስከረም ጠባ፣ አደዩ ፈነዳ፣ ንቡም በረታ። ከቀፎው የሚወጣው ንብ የሚያግደው አጣና መንገዱን በሰው ፊት ቁመት ያቋርጠው ጀመር። መጀመሪያ አንድ የገበያ አህያ ተነድፋ ጭነቷን ጥላ ጠፋች። ከዚያ ሴቶች እዚህ ቦታ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው መሮጥ ለመዱ። በመጨረሻ የአራጌ ልጅ ሀጀራ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከቦኖ ውሃ ይዛ ስትመለስ ንቦቹ ጸጉሯ ውስጥ ገቡባት። እንስራው ተሰበረ። ልጅቷን አቅፌ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተሸፈነ፤ ሦስት ቀን ተኛች። ሦስቱንም ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ንቦቹንም፣ ኮሚቴውንም፣ ራሴንም ረገምኩ።

በአራተኛው ቀን አራጌ ወረቀት ይዞ መጣ።

"እትዬ ካሰች፣ ቅር አይበልዎ። በአሥር ቀን ውስጥ ንቦቹ በጭስ ይውጡ፣ ቀፎዎቹም ይደፈኑ ተብሏል። የኮሚቴው ውሳኔ ነው።"

"አጥሩን የቆረጠውም ኮሚቴው ነው" አልኩት። "ንቦቹ ዱሮም እዚሁ ነበሩ። ወደ ልጅህ ፊት ያወረድካቸው አንተ ነህ። ቢተው አላስተማረህም?"

"አስተምሮኛል።" ቆቡን በእጁ ያሻሻል። "አጥር ለማደግ ሦስት ክረምት ይፈልጋል፣ እትዬ። ሦስት ክረምት ልጆቹ በየት ይለፉ?"

ቢመረኝም እውነቱ የእሱ ነበር። ቀፎዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዞርም አይቻልም፤ ከግድግዳው ጋር አብረው የተመረጉ ናቸው። እነሱ ወጡ ማለት ቢተው የሠራው ቤት ድምፁ ጠፋ ማለት ነው።

"ቢተው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ንቦቹን ነው" አልኩት። "ምን ልበለው?"

አራጌ መሬት መሬቱን አየ። ወረቀቱን በርጩማው ላይ አስቀምጦ እየተጣደፈ ሄደ። በአጥሩ አፍሮ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሰባተኛው ቀን ሩቂያ ቡልኮዋን አጥባ ከዳሩ ቀፎ ፊት ለፊት፣ በእኔና በእሷ ቤት መካከል በተወጠረው ገመድ ላይ አሰጣች። ቁጭ ብዬ ሳይ ንቦቹ ቡልኮው ጋ ሲደርሱ ሽቅብ ወጥተው በላዩ አለፉ። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

"ሩቂያ! እንዳታነሺው!"

"ምነው እቴ፣ ምን ሆንሽ?"

"አጥር ነው! አጥር አገኘሁ!"

"ወላሂ፣ ይህች ሴትዮ ለየላት" አለች ሩቂያ፤ ቡልኮውን ግን ተወችልኝ፣ እስኪመሽ።

ረጃጅም ምሰሶ አስተከልኩ፤ አጠናም አጋደምኩበት። የራሴን ጆንያ፣ ሰሌን፣ አሮጌ ነጠላ ሁሉ ሰቀልኩ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ተነሥቶ ይውለበለባል፤ ንቦቹም በሥሩ ይሾልካሉ። የሩቂያ ቡልኮ ደግሞ ልጆቿ የሚለብሱት ነው፣ ብርዱ ገብቷል። የሚያስፈልገው ከባድ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ነፋስ የማያነሣው ነገር ነው። ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው አውቄ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሳጥኑን ላለማየት ዞሬ ተቀመጥኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት ከፈትኩት። በርኖሱን አውጥቼ ፊቴን ቀበርኩበት። አንድ ጊዜ ውጭ ካደረ ሽታው እንደማይመለስ አውቃለሁ። "ቢቴ፣ ወይ ልብስህን ወይ ንቦችህን" አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው እንዳለ። የእሱን መልስ ደግሞ ማን አጥቶት! ከእኔም በፊት ንቦቹን ነበር የሚጠይቀው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያም መርፌ አነሣሁ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሰቀልኳቸው። በርኖሱን ከመካከለኛው ቀፎ ፊት፣ ባናውንና ጋቢውን ግራና ቀኝ፣ ኮቱን በእጅጌው እንጨት አስገብቼ ክንዱን ዘርግቼ፣ ተነፋነፉን ከሥሩ ሰፍቼ። ፀሐይ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ንቦች ወጡ፤ በርኖሱ ጋ ደረሱ፤ ትንሽ አመነቱና ሽቅብ ወጥተው ከኮሌታው በላይ አለፉ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ለምሳ ጎመን ልቀነጥብ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገሬ ልማድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ሬሳ የለምና ልብሱ ይወጣል። በርኖሱም ኮቱም ለቀስተኛው ፊት ይሰቀላል፤ የሚለቀሰውም በልብሱ ላይ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስንቱን አልቅሼበታለሁ። የዚያን ዕለት ጧት ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ። ልቤ ንቦቹ ላይ ነበር።

ጎመኑን ሳልጨርስ ጩኸት ሰማሁ። የአንድ ሴት ጩኸት፣ ቀጥሎ የሦስት፣ ቀጥሎ የመንደሩ ሁሉ። ጎመኔን እንደያዝኩ እየሮጥኩ ወጣሁ። መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሩቂያ ሻሿን አውልቃ ደረቷን ትመታለች፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

"ማን ሞተ?" አልኩ። የእውነቴን ነው የጠየቅሁት። እንባዬ ሳይቀር መጥቷል፤ የእነሱ ልቅሶ የአፍ አልነበረም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሩቂያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ካሱዬ፣ እህቴ፣ አብሽሪ! መቼ ተረዳሽ? ምነው ብቻሽን? ምነው ሳትጠሪኝ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ዞሬ ክንዱን የዘረጋውን ኮት አየሁና ደሜ ፈላ።

"ሟርተኛ ሁላ! ሰውን በቁሙ ታለቅሱበታላችሁ? ለንብ ነው የሰቀልኩት! ለንብ! ቢተው አልሞተም!"

ጩኸቱ ተቋረጠ። አንዱ ከኋላ ሳቁን በሳል ዋጠው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሩቂያ ዓይኗን እየጠረገች "አላህ ይይልሽ፣ ልቤን አወለቅሽው" አለች። እኔም ሳቅ ሳቅ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም፤ ሰዉም ሊበተን ነበር።

አራጌ በዚህ መካከል ደረሰ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እየሮጠ ነው የመጣው፣ ቆብ የለውም፣ ጋቢውን አዘቅዝቋል። ጩኸቱ መቋረጡን አላስተዋለም። ሰዉን ሰንጥቆ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።

"እትዬ ካሰች፣ ይቅር ይበሉኝ! እኔ ነበርኩ ልነግርዎ የሚገባኝ። የመሞቱ ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሕዝቡ እንዳይረበሽ ለጊዜው አይነገር ተብሎ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ከደጅዎ ደርሼ ተመለስኩ... አፌ እምቢ አለኝ። ማን ነገረዎ?"

አራጌ ቀና አለ። ፊቴን አየ፣ በእጄ የያዝኩትን ጎመን አየ፣ ከዚያ ወደ በርኖሱ ዞረ። አንዲት ንብ ከኮሌታው በላይ ሽቅብ ወጥታ አለፈች። የንብ ሰው ነውና ገባው።

"አልሰሙም ኖሯል" አለ፣ ለራሱ።

ጎመኑ ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። አራጌን በጋቢው ይዤ እንደነቀነቅሁት፣ እንደመታሁትም ነግረውኛል። የማስታውሰው የጠየቅሁትን ነው።

"አጥሬን ስትቆርጥ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ቢተው ሲመጣ ምን ልበለው ስልህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እትዬ።"

ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ በመጨረሻም ከመኪና የሚወርደውን ሰው ቁመት ስለካ፣ ሽታው እንዳያልቅ ሳጥን ስከፍትና ስዘጋ፣ እሱ አፈር ሆኗል። የትኛው አፈር እንደሆነ እንኳ ደብዳቤው አይልም። ጮኽኩ። ሰዉም አቋርጦት የነበረውን ልቅሶ ቀጠለ። ሁሉም ሞቱን ጠርጥሮ ልቅሶውን በሆዱ ይዞ ሲጠብቀኝ ኖሯል፤ ሳልጠራ ያን ያህል ፈጥኖ የመጣው ለዚህ ነው።

እኩለ ቀን ሆነ፤ ንቡ የሚበረታበት ሰዓት ነው። መንገዱ ላይ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ላቡ እየወረደ ደረቱን ይመታል፣ ይጮኻል። ንብ ላብም ጩኸትም አትወድም። አንድም ሰው አልተነደፈም። ሀጀራ፣ ጉንጯ ገና እብጠቱ ሳይጠፋ፣ በርኖሱ ሥር የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች፤ ንቦቹ ከራሷ በላይ፣ ከሁላችንም በላይ ይመላለሳሉ። አራጌ እያለቀሰ ቀና ብሎ ሲያያቸው አየሁት።

ወደ ማታ ለቀስተኛው ሲበተን ሴቶቹ እንደ ወጉ ልብሶቹን አውርደው ሊያጥፉ ተነሡ።

"አትንኩት!" አልኩ። ድምፄ ዘግቷል። "ነገ ጧት ንቦቹ ይወጣሉ። ልጆቹ የሚያልፉት በዚህ ነው።"

አንዳቸውም አልተከራከሩኝም። አሥረኛው ቀን በልቅሶ አለፈ፤ ጭስ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

ለአርባው፣ በኅዳር፣ የመካከለኛውን ቀፎ አስከፈትኩ። ጭሱን የያዘው አራጌ ነው። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ የተከፈተ ቀፎ ነው፣ የማር እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእኔ ሰጠኝ። ለቢተው መምጫ የነበረውን ለተዝካሩ ልቅመሰው ብል አልወርድ አለኝ። ለሀጀራ ሰጠኋት። መጀመሪያ ፈርታ በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ እስከ ክርኗ እየተጨማለቀች በላችው።

በሰኔ አራጌ ራሱ ቆፍሮ፣ ኮሚቴውን ሳይጠይቅ፣ ክትክታና ቀጋ ተከለልኝ። ሌሎቹም ጉድጓዳቸው እንዳለ ሆኖ አጥራቸውን መልሰው ማብቀል ጀመሩ። ልብሶቹ ሦስት ክረምት በዚያው ቆዩ። ሽታው የሄደው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ካኪው ነጣ፤ ከበርኖሱ ወፎች ሱፍ እየመዘዙ ጎጆ ሠሩበት። ቀጋው በኮቱ እጅጌ ውስጥ አልፎ በአንገቱ በኩል ወጣ፤ ላወርደው ብል የሚቀደድ ሆነና ተውኩት።

አሁን አጥሩ እንደ ዱሮው ሁለት ሰው ያህላል። ንቦቹ ከላይ፣ ሰዉ ከታች። መንገዱና መኪና መቆሚያው ከደጄ አይታዩም። ሞቱን ከተረዳሁ በኋላ መጠበቁ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር። የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ ግን ወደ አጥሩ እሄድና፣ እሾሁን ተጠንቅቄ፣ ቅጠሉን በእጄ ገለጥ አድርጌ የሚወርደውን ሰው አያለሁ።